ስሎው ኩከር ድሬ ላይ፦ ቁሌቱን ቅዳሜ፣ የቀረውን ለድስቱ

ባለፈው ሳምንት አንዷ የስራ ጓደኛዬ "ያ ቀስ ብሎ የሚያበስለው የመብራት ድስት የምር ወጥ ይሰራል ወይስ የፈረንጅ ሾርባ ነው የሚያወጣው?" ብላ ጠየቀችኝ። እየወጣሁ ስለነበር "ይሰራል፣ ግን ቁሌቱን ራስሽ ነሽ የምትሰሪው" ብያት ሄድኩ፣ ከዛ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳስበው መልሱ ልክ ነው ግን ለማያውቅ ሰው ምንም አይጠቅምም፣ እኔም ብሆን ይቺን ነገር እስካውቅ አምስት ወር ገደማ ስጋና ሽንኩርት ሳበላሽ ነው የከረምኩት። ስለዚ እንደኔ ባልና ሚስት ሁለቱም ስራ የሚውሉበት ቤት ላላችሁ፣ በተለይ ድሬ ወይም እንደ ድሬ የሚሞቅ ከተማ ለምትኖሩ ያየሁትን ሁሉ ልጻፍላችሁ።

የምኖረው ድሬ ሳቢያን ሰፈር ነው፣ የምሰራው ሂሳብ ክፍል። ጠዋት 1፡30 ከቤት እወጣለሁ ማታ 12 ሰአት ገደማ እገባለሁ። ባለቤቴ ከድሬ ሐረር ሚኒባስ ይነዳል፣ አንዳንዴ ምሽት 1 ሰአት አንዳንዴ 3 ሰአት ይገባል፣ መሀል መንገድ ደንገጎ ዳገት ላይ መኪና ከተበላሸና መንገዱ ከተያዘ ደግሞ ከዛም ይቆያል። ሁለት ልጆች አሉን፣ አማቴም ከኛ ጋር ናቸው። ችግሬ ጊዜ ብቻ አልነበረም፣ ሙቀቱም ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ 35 ዲግሪ ማለፍ እዚ የተለመደ ነው፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ነው የሚመልሰው፣ እና በዛ ሰአት ጠባብ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ሽንኩርት ማቁላላት ማለት ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰውነቴ እምቢ ሲለኝ ልጆቼ በሳምንት አራት ቀን ፓስታና እንቁላል ይበሉ ነበር፣ አማቴ ምንም አይሉኝም ግን ሳህኑን ግማሽ ይተዉታል፣ እሱ ነበር የሚያመኝ።

የመጀመሪያውን ድስት አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ በሰው ላከችልኝ። ደስ ብሎኝ ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ ከዛ ጭስ። ገልብጬ ሳየው ከስሩ 120 ቮልት ይላል፣ የኛ መብራት 220 ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ እቃ ስትቀበሉ መጀመሪያ ከስሩ ያለውን ጽሁፍ እዩ፣ 220 ወይም 240 ካላለ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት፣ ትራንስፎርመሩም ቢሆን ከድስቱ ዋት የሚበልጥ አቅም ያለውና ቀኑን ሙሉ መስራት የሚችል መሆን አለበት፣ ያ ሁሉ ከሚሆን እዚሁ መግዛት ይቀላል። ሁለተኛውን እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ገዛሁት፣ 3 ሊትር ተኩል የሚይዝ፣ 210 ዋት፣ ውስጡ የሸክላ ማሰሮ የመሰለ ወፍራም ሴራሚክ ያለው። ዲጂታል አይደለም፣ የሚዞር አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፣ ሎው (ዝቅ ያለ ሙቀት)፣ ሀይ (ከፍ ያለ) እና ዋርም (የበሰለውን ትኩስ አድርጎ የሚያቆይ)። ለኛ ሀገር ይሄ ቁልፉ የሚሻልበት ምክንያት አለ፣ መብራት የሚለው ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ወጥ ግን አልሆነም። ያየሁት ቪዲዮ ላይ ሴትየዋ ሁሉንም ጥሬውን ከታ ክዳኑን ዘጋች በቃ ማታ ከፍታ በላች፣ እኔም እንደዛው ጥሬ ሽንኩርት በርበሬ ዘይት ስጋ ውሀ አንድ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ማታ ስከፍተው ስጋው ለስልሷል ግን መረቁ ቀይ ውሀ ነው፣ ሽንኩርቱ ተቀቅሎ ተንሳፏል፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይሸታል። አማቴ አንዴ ቀመሱና "ልጄ፣ ይሄ እኮ አልተቁላላም" አሉኝ። "እማማ ዘጠኝ ሰአት ሙሉ ነው የበሰለው" ስላቸው "መብሰልና መቁላላት አንድ ነው እንዴ?" አሉ። በቃ ነገሩ እሱ ነው። ይሄ ድስት ከውሀ መፍያ በላይ አይሞቅም፣ ክዳኑ ላይ የሚሰበሰበው እንፋሎትም ተመልሶ ይወርዳል እንጂ አይወጣም፣ ስለዚ ሽንኩርት ውሀውን ጨርሶ ዘይት ውስጥ የሚጠበስበት፣ በርበሬ ጥሬነቱ የሚጠፋበት ሙቀት ውስጡ የለም። ፈረንጅ ሽንኩርቱ ቢቀቀልለትም ይበላዋል፣ የኛ ወጥ ግን ግማሽ ነገሩ ቁሌት ነው። ድስቱ ጎበዝ የሆነው ከቁሌት በኋላ ያለውን ረጅሙን ስራ ነው፣ ጠንካራ ስጋን ማለስለስ፣ ጥራጥሬን ማብሰል፣ መረቁን ማዋሀድ።

ስለዚ አሁን ቁሌቱን ቅዳሜ እሰራለሁ፣ ለሳምንቱ በሙሉ አንዴ። ሙቀቱ ሳይነሳ ጠዋት 12 ሰአት ላይ እጀምራለሁ። 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ከቀፊራ ገበያ አርብ ማታ ገብቶ ያድራል፣ እኔና ትልቁ ልጄ እንልጣለን አማቴ ይከትፋሉ፣ እሳቸው ደቀቅ ካላለ አይወዱም። በትልቁ ድስት መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የማቁላላው፣ ሽንኩርቱ ውሀውን እስኪጨርስና ድስቱ ስር መያዝ እስኪጀምር ማለት ነው፣ በኔ ምድጃ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዛ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት፣ ትንሽ ቆይቼ ሩብ ኪሎ በርበሬ፣ እዚ ጋ ነው ትእግስት የሚያስፈልገው፣ መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሀ ማከል፣ ማማሰል፣ እንደገና። 3 ራስ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በመሀል ይገባል። ሌላ አንድ ሰአት። አማቴ የሚያዩት ምልክት ዘይቱን ነው፣ ዘይቱ ከላይ ቀይ ሆኖ ሲለይና ጭልፋው የሄደበት መንገድ ቶሎ ሳይዘጋ ሲቀር "በቃ አውጪው" ይሉኛል። አምስት የምሳ እቃ ይሞላል፣ እያንዳንዱ አንድ ኩባያ ተኩል ገደማ ነው። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ፍሪጅ አላስገባም፣ ግን በድሬ ሙቀት ውጪ ረጅም ሰአትም አልተወውም፣ ውሀ የያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ ቶሎ ይበርዳል። ሁለቱን ፍሪጅ፣ ሶስቱን ፍሪዘር።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቁሌቱን በዘይት ብቻ ስሩት፣ ቅቤ እንዳትነኩበት። እኔ መጀመሪያ ቅቤ ከትቼበት ረቡዕ ሲደርስ ለጾም የሚሆን ምንም አልነበረኝም። በዘይት ከሆነ ያው አንዱ ቁሌት ለፍስክም ለጾምም ይሆናል፣ የፍስክ ቀን ቅቤውን መጨረሻ ላይ ትጨምራላችሁ፣ ሽታውም እንዲያውም ያኔ ነው የሚያምረው። ኮረሪማና መከለሻም እንደዛው፣ ጠዋት ከገቡ ማታ ሽታቸው የለም፣ ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው።

አሁን ሰኞን ላሳያችሁ። ሰኞ ብዙ ጊዜ ቅልጥም ወይም ጎድን ነው የምሰራው፣ ስጋ ቤት "ለመቀቀያ" ብላችሁ የምትጠይቁት ጅማት ያለው ስጋ ማለቴ ነው፣ ከጥብስ ስጋ ይረክሳል ለዚ ድስት ደግሞ ከሱ የተሻለ የለም ምክንያቱም ጅማቱ ለብዙ ሰአት በቀስታ ሲበስል ቀልጦ መረቁን ያወፍረዋል። ለስላሳውን ስጋ ብትከቱ ግን ደርቆ ክር ክር ይላል። እሁድ ማታ 1 ኪሎውን አጥቤ ቆርጬ በእቃ ፍሪጅ አሳድረዋለሁ፣ ከፍሪዘር ያለውን ቁሌትም እዛው አወርደዋለሁ። ሴራሚኩን ግን ራሱን ፍሪጅ አታሳድሩት፣ በረዶ የመሰለ ሴራሚክ ጋለ ነገር ላይ ሲቀመጥ ይሰነጠቃል፣ ባይሰነጠቅ እንኳን ለመሞቅ ሁለት ሰአት ይፈጅበትና ስጋው ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ ይቆያል፣ ያ ጥሩ አይደለም። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ማንቆርቆሪያውን እጥዳለሁ፣ ሴራሚኩን በሞቀ ውሀ አለቀልቀዋለሁ፣ ቁሌቱን ከስር፣ ስጋውን ከላይ፣ አንድ ኩባያ የፈላ ውሀ፣ ጨው፣ ክዳን። ሀይ ላይ አደርገውና ልጆቹን ሳለብስ ቁርስ ሳበላ አርባ ደቂቃ ያልፋል፣ ልወጣ ስል ሎው ላይ አዞረዋለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ፣ 13 አመቱ ነው፣ 10 ሰአት ላይ ዋርም ያደርግልኛል። ስገባ በሩ ጋ ነው ሽታው የሚቀበለኝ። ክዳኑን ሳነሳ ዘይቱ ከላይ ቀይ ተኝቷል፣ አጥንቱን በጭልፋ ስይዘው ስጋው ተንሸራቶ ይቀራል፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ አንድ ሁለት ቃሪያ፣ ክዳኑን መልሼ ልብሴን ቀይሬ ስመጣ ደርሷል። እንጀራ እየገዛሁ ነው የምገባው። ባለቤቴ 3 ሰአት ቢመጣም ትኩስ ይበላል፣ እንደገና ማሞቅ የለ። መጀመሪያ እንዲ የተሳካልኝ ቀን አማቴ ሳህናቸውን በእንጀራ ጠርገው ሲበሉ አይቼ እንባዬ መጣ።

የውሀው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ምድጃ ላይ ከለመዳችሁት ግማሹን ብቻ ክተቱ፣ አይተንማ፣ የገባው ውሀ ማታም እዛው ነው፣ ስጋውና አትክልቱ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ድስቱ ከግማሽ በታች ከሆነ ያቃጥላል፣ ከሁለት ሶስተኛ በላይ ከሞላ አይበስልም። ክዳኑን እየከፈታችሁ አትዩት፣ አንዴ በከፈታችሁ ቁጥር የተሰበሰበው ሙቀት ይወጣና 20፣ 30 ደቂቃ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል፣ አማቴን ይሄን ማስለመድ ነበር ከባዱ ምክንያቱም ወጥ ማማሰል እድሜ ልካቸውን የኖሩበት ነው። ቸኩላችሁ ሀይ ላይ ለመስራት ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ሰአት ሀይ ሁለት ሰአት ሎው ገደማ ነው ብላችሁ አስቡ።

አልጫ ለሚወድ ድንችና ካሮቱን ከስር፣ ስጋውን ከላይ አድርጉ። መጀመሪያ እኔ በተቃራኒው አደርግ ነበር፣ ስጋው በስሎ ድንቹ ጥሬ እየቀረ ግራ ይገባኝ ነበር፣ ለካ እዚ ድስት ውስጥ ጠንካራ አትክልት ከስጋ ይበልጥ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ከስርና ከጎን ነው። ጎመን ከሆነ ማታ ነው የሚገባው።

ረቡዕና አርብ ጾም ነው፣ ይሄ ድስት በጣም የረዳኝም እዚ ጋ ነው። ሽሮ ለዚ ድስት አይሆንም፣ ሽሮ የሩብ ሰአት ስራ ነው፣ መማሰልም ይፈልጋል። ምስር ክክም ምድጃ ላይ ቶሎ ስለሚደርስ ቀኑን ሙሉ ማዋል ለምን፣ ይፈርስና ገንፎ ይሆናል። ሽምብራ፣ አተር ክክ፣ ድፍን ምስር፣ ቦሎቄ ግን ሌላ ነገር ነው። ሽምብራ ማክሰኞ ማታ ዘፍዝፌ ረቡዕ ጠዋት ከቁሌት ጋር እከተዋለሁ። ግን ድሬ ላይ አንድ ጣጣ አለ፣ ውሀችን። የድሬ ሰው ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ይይ፣ ውስጡ ያለው ነጭ ድርቅ ያለ ነገር ካልሲየም ነው፣ ያ ካልሲየም ጥራጥሬው ቆዳ ላይ ይይዝና አያለሰልሰውም። እኔ ሽምብራው አስር ሰአት ቆይቶ ጥርስ ሲሰብር ድስቱ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። አሁን ስዘፈዝፍ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ እጨምራለሁ፣ ጠዋት ያን ውሀ ደፍቼ አለቀልቃለሁ፣ ለማብሰያ የተጣራ ውሀ ካለኝ እሱን ነው የምጠቀመው። ቲማቲምና ሎሚም ጥራጥሬው ሳይለሰልስ አይግባ፣ ኮምጣጣ ነገር ያጠነክረዋል።

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ እህቴ አለች፣ እሷም ገዝታ ነበርና "አንቺ ጋ በ8 ሰአት የሚደርሰው እኔ ጋ ለምን 9 ይፈጃል" ትለኛለች። ድሬ ከባህር ጠለል 1200 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሐረር 1800 ሜትር ያልፋል፣ ከፍ ባለ ቁጥር ውሀ በትንሽ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ እኛ ጋ 96 ዲግሪ አካባቢ እነሱ ጋ 94 አካባቢ፣ ሁለት ዲግሪ ቀላል ትመስላለች ግን ለሽምብራ ቀላል አይደለችም። ደጋ ያላችሁ አንድ ሰአት ጨምሩበት።

ቀይ ቦሎቄን ግን በጣም በጥንቃቄ። ይሄን የምለው ልጆች ያላችሁ እንድትሰሙኝ ነው፣ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ የተፈጥሮ መርዝ አለ፣ ሌክቲን የሚባል አይነት ነው፣ በደንብ ፈልቶ ካልተቀቀለ አይጠፋም፣ ሎው ላይ ያለ ስሎው ኩከር ደግሞ እንደዛ ፈላ ፈላ ላይል ይችላል፣ ለብ ባለ ሙቀት ብቻ ሲቆይ እንዲያውም መርዙ ይብሳል። አራት አምስት ፍሬ በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ሰውን ሊያስታውክ በቂ ነው፣ በጥቂት ሰአት ውስጥ ነው የሚጀምረው። ስለዚ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ውሀውን ድፉ፣ በአዲስ ውሀ ምድጃ ላይ ሀይለኛ ፍል እያለ ቀቅሉት፣ 10 ደቂቃ ይበቃዋል ይባላል እኔ 30 ደቂቃ አደርገዋለሁ፣ ከዛ ነው ድስቱ ውስጥ የሚገባው። እኔ ሀሙስ ማታ ፓስታ ስቀቅል ጎን ለጎን አፈላዋለሁ፣ አርብ ጠዋት ዝግጁ ነው።

ጎረቤታችን የሐረሪ እናት ናቸው፣ ድስቱን አይተው በልጃቸው አስገዙ፣ አሁን ከኔ ይበልጥ እሳቸው ናቸው የሚጠቀሙበት። እሳቸው ሁልበት መረቅ ይሰሩበታል፣ አብሽ የሚገባበት የሐረሪዎች የስጋ መረቅ ነው፣ አጥንት ያለውን ስጋ ሌሊት ሎው ላይ አሳድረው አብሹን ለብቻ ዘፍዝፈው መትተው መጨረሻ ላይ ነው የሚጨምሩት። ረመዳን ላይ ደግሞ ሾርባውን ከዝሁር ሶላት በኋላ ጥደውት ለማፍጠሪያ ይደርሳል፣ "ጾም ይዤ ምድጃ ፊት መቆም ቀረልኝ" ይሉኛል፣ በድሬ ሙቀት ውሀ ሳይጠጡ ምድጃ ፊት መቆም ምን እንደሆነ አስቡት። የግመል ስጋም ሞክረውበታል፣ እኔ አልበላም ግን እንዳሉኝ ጠንካራውን ክፍል 10 ሰአት ሎው ላይ ካቆዩት እንደ ጥጃ ነው የሚሆነው።

ሀሙስ እኛ ቤት የስጎ ቀን ነው። ልጆቹ ፓስታ አይተዉም፣ እኔም ማስተው አልፈልግም፣ ግን በፊት ስጎው ቲማቲም ጥሬ ጥሬ የሚል የአስር ደቂቃ ነገር ነበር። አሁን የተፈጨውን ስጋ ረቡዕ ማታ መጥበሻ ላይ ቶሎ አገላብጬ ፍሪጅ አሳድራለሁ፣ የተፈጨ ስጋ ጥሬውን ከገባ ተጠቅልሎ እንደ ድንጋይ ነው የሚሆነው፣ ጠዋት ከአንድ ኪሎ የተፈጨ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዘይት ጋር ሎው ላይ፣ ውሀ ምንም አልጨምርም። ቀኑን ሙሉ ስለሚቆይ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ይለዝባል፣ ስኳር መጨመር አያስፈልግም። ማታ ፓስታውን ብቻ መቀቀል ነው። ዶሮ ከፈለጋችሁ የሐበሻ ዶሮ ለዚ ድስት የተሰራ ነው፣ 7፣ 8 ሰአት ይችላል፣ የፈረንጅ ዶሮ ግን ከ5 ሰአት በላይ ከቆየ ይበታተናል፣ ለስራ ቀን አይሆንም ለእሁድ ተዉት። የበአል ዶሮ ወጥ አልሞከርኩበትም፣ አልሞክርበትምም፣ እሱ በአማቴ እጅ ነው የሚያምረው።

አሁን መብራት። አንድ ሀሙስ ማታ ገብቼ ድስቱን ስነካው ሴራሚኩ ለብ ብሏል፣ ጠቋሚው መብራት ግን በርቷል። ቁልፍ ያለው ድስት መብራት ሲመለስ ራሱ ይቀጥላል፣ ዲጂታሉ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል፣ የኔን የመረጥኩት ለዛ ነበር፣ ግን አደጋውም እዛው ነው ያለው፣ መብራት አራት ሰአት ጠፍቶ መጥቶ ቢሆን ስከፍተው ሲሞቅ ነው የማገኘው፣ ምንም አላውቅም ማለት ነው። ጎረቤት ስጠይቅ ከጠዋቱ 4 ሰአት እስከ 9 ጠፍቶ ነበር አሉኝ። አንድ ኪሎ ስጋ ነው፣ ባለቤቴ "ምድጃ ላይ መልሰን ብናፈላውስ" አለኝ፣ እኔም ልቤ ለሁለት ተከፈለ፣ ግን ግማሽ ጥሬ ስጋ በዚ ሙቀት አምስት ሰአት ለብ ብሎ ከቆየ አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ብታፈሉትም አይሄድም። ደፋሁት። ያን ማታ እንቁላል በላን።

ከዛ በኋላ እንዲ ነው የማደርገው። ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ በመብራት የሚሰራ ጠረጴዛ ሰአት ነበር፣ ባትሪውን አውጥቼ ከድስቱ ጎን ሰካሁት፣ መብራት ከጠፋ ሲመለስ ከ12 ሰአት ጀምሮ ብልጭ ድርግም እያለ ይቆጥራል፣ ስለዚ ስገባ የሚያሳየውን አይቼ መቼ እንደተመለሰ አውቃለሁ፣ ለስንት ሰአት እንደጠፋ ደግሞ ሰፈር ጠይቄ። አማቴ ቤት ከዋሉ ደግሞ መብራት እንደጠፋ ይደውሉልኛል፣ ከሰል አያይዘው ወዲያው ወደ ሌላ ድስት ገልብጠው ይጨርሱታል፣ ሰው ቤት ካለ ምንም አይበላሽም። ምግቡ ሙሉ በሙሉ በስሎ ካለቀ በኋላ ከጠፋና ሁለት ሰአት ካልሞላው ችግር የለውም፣ ክዳኑን አትክፈቱት። ሳይበስል ጠፍቶ ለስንት ሰአት እንደቆየ ካላወቃችሁ ግን ስጋ ይሁን ጥራጥሬ አትብሉት፣ በተለይ ለልጅና ለሽማግሌ። ፈረቃ ባለበት ሳምንት ቀን አልጥድም፣ ሌሊት ነው የምጥደው፣ ማታ 3 ሰአት ጀምሬ ጠዋት 12 ላይ አውጥቼ አብርጄ ፍሪጅ፣ ማታ ምድጃ ላይ በደንብ ይፈላል። በስሎው ኩከሩ ራሱ የቀዘቀዘ ምግብ አታሙቁ፣ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያሞቀው። ታይመር ገዝቶ ጥሬ ስጋ ከትቶ "6 ሰአት ላይ ይጀምር" የሚል ሰውም አይቻለሁ፣ ድሬ ላይ ጥሬ ስጋ እስከ 6 ሰአት ውጪ አይቀመጥም።

የቆጣሪ ነገር ብዙ ሰው ያስፈራዋል፣ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ሲያዩት። የኔ 210 ዋት ነው፣ 9 ሰአት ቢሰራ 2 ኪሎዋት ሰአት አይሞላም። ያንኑ ቅልጥም 1500 ዋት ምድጃ ላይ ሁለት ሰአት ተኩል ባቆየው ወደ 4 ይጠጋል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ እንደሚስብ አስቡና አወዳድሩት። ሶኬቱ ግን ደህና ይሁን፣ የላላና የሚሞቅ ሶኬት ላይ ሰው የሌለበት ቤት ምንም ነገር ሰክታችሁ አትሂዱ፣ ከግድግዳ ራቅ፣ መጋረጃ የማይደርስበት ቦታ፣ ማከፋፈያ ላይ ሳይሆን ቀጥታ ግድግዳው ላይ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ቅዳሜና እሁድ ቤት እያለሁ ብቻ ነበር የምሰራበት፣ ሶኬቱን እየነካሁ፣ ከዛ ነው የለመድኩት።

እጥበቱ ላይ ሴራሚኩ ትኩስ እያለ ቀዝቃዛ ውሀ አታፍሱበት፣ አንዲት ጓደኛዬ ከመሀል ለሁለት ተሰንጥቆባታል፣ መለዋወጫውም አልተገኘም። እኔ ማታ ወጡ ሲያልቅ የሞቀ ውሀና ትንሽ ኦሞ ሞልቼበት አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ያለ ሽቦ በስፖንጅ ይለቃል፣ አድርቄ የዛን ቀኑን ቁሌት እከትበታለሁ።